ገበሩን ገልብጦ ማየት፦ ከሮም እስከ ሚላን አሮጌ የዲዛይነር ልብስ ፍለጋ

አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ደንበኞቼ አንዳንዴ ከሰልባጅ ተራ ያገኙትን ኮት ወይም ቀሚስ ይዘው ይመጣሉ። «አጥብቢልኝ፣ አሳጥሪልኝ» ይሉኛል። ገበሩን ስፈታ ነው ጉዱን የማየው። በእጅ የተለቀመ ጠርዝ፣ በሐር ክር የተሠራ የቁልፍ ቤት፣ ስንት ዓመት ተለብሶ ንቅንቅ ያላለ ትከሻ። ብዙዎቹ ላይ «ጣሊያን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ አለ። እነዚህን ልብሶች የሠራውን አገር በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ሚላን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ የግብዣ ደብዳቤ ላከችልኝ። ቪዛው ከረጅም ደጅ ጥናት በኋላ ወጣ። የመስቀል ሰሞን እንዳለፈ ተነሳሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እሁድ፣ ሮም

አውሮፕላኑ ያረፈው ጎህ ሳይቀድ ነው። ከአየር ማረፊያው ወደ ተርሚኒ ጣቢያ የሚሄደው ፈጣን ባቡር 14 ዩሮ ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት ወታደሮች የተሰየመ ነው። ሮም ውስጥ እግሬን ያነሳሁት ከዚያ ነው።

ያረፍኩት እማሆዮች በሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ አንሶላው እንደ በረዶ የነጣ፣ በሩ ማታ በአምስት ሰዓት የሚዘጋ። ሻንጣዬን አስቀምጬ ወዲያው ወጣሁ። የፖርታ ፖርቴዜ ገበያ የሚቆመው እሁድ ብቻ ነው፤ ከቀትር በኋላ ይበተናል።

ገበያው ትራስቴቬሬ ሰፈር ውስጥ በረጅሙ የተዘረጋ ነው። መግቢያው አካባቢ አዳዲስ ርካሽ ልብስ፣ የስልክ ሽፋን፣ ድስት ይሸጣል። እሱን አልፎ መሄድ ነው። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ጠረጴዛ ላይ የተከመረ ልብስ ይጀምራል። «ሁለት ዩሮ! አምስት ዩሮ!» እያሉ ይጮኻሉ። አሮጊቶቹ ቀድመው ደርሰው በሁለት እጃቸው ይገለብጣሉ። መርካቶ የለመደ ሰው እዚህ አይጠፋውም። ልዩነቱ እዚህ ማንም እጅህን አይጎትትም። ዋጋ ቀንስ ስትለው ሻጩ ፊቱን ያዞራል፤ ቆይቶ ራሱ ይጠራሃል።

እኔ ክምር ውስጥ የምፈልገው በዓይን አይደለም፤ በጣት ነው። እጄን ሰድጄ ቀዝቀዝ፣ ከበድ የሚለውን እጎትታለሁ። ሐር ይቀዘቅዛል። ጥሩ ሱፍ ሲጨብጡት ተመልሶ ይነፋል። ፖሊስተር እጅ ላይ ይንሸራተታል፣ ይሞቃልም። እንዲህ ስጎትት ሳለሁ ነው ከጎን ያለው ሻጭ ያየኝ። ገመድ ላይ ከሰቀላቸው ሻርፖች አንዱን አውርዶ አሳየኝ። ሮዝ፣ ወይን ጠጅና አረንጓዴ እንደ ማዕበል የተጠማዘዙበት ነው።

ፑቺ መሆኑን ጠረጠርኩ። ኤሚሊዮ ፑቺ የፍሎረንስ መኳንንት ወገን ነው። ፋሽን ከመጀመሩ በፊት በ1932 የክረምት ኦሊምፒክ የጣሊያን የበረዶ ሸርተቴ ቡድን አባል ነበር። የእሱን ጨርቅ ለመለየት ምልክቱን ከጥጉ ላይ ብቻ ማንበብ አይበቃም። በጌጡ መስመሮች መካከል «ኤሚሊዮ» የሚል የእጅ ጽሑፍ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል እዚህም እዚያም ተሸሽጎ ይገኛል። አገኘሁት። ከዚያ ጠርዙን በሁለት ጣቴ አሸት አደረግሁት። በእጅ የተጠቀለለ የሐር ጠርዝ ክብ ነው፤ ጣት ሥር እንደ ቀጭን ገመድ ይሽከረከራል። የማሽን ጠርዝ ጠፍጣፋ ነው። ይህኛው ተሽከረከረ። ስፌቱም እኩል አልነበረም፤ አንዱ ጠቅ ከሌላው ትንሽ ይርቃል። የሰው እጅ ነው። 40 ዩሮ ብሎ ጠራ፣ በ25 ተስማማን።

ወዲያው ሰማዩ ተቀደደ። ሻጮቹ ላስቲካቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲጎትቱ በግርግሩ መሐል የያዝኩት ጃንጥላ ተሰበረ። አምስት ዩሮ የነበረው ክምር ሁለት ሆነ። እኔ ግን ሻርፑን በሆዴ ሥር ሸጉጬ ወደ ትራሙ ሮጥኩ። ሐር የዝናብ ጠብታ ሲነካው ነጥቡ ይቀራል።

ሰኞ፣ ሮም

ጠዋት ቪያ ሳኒዮ ሄድኩ። ከሳን ጆቫኒ ባሲሊካ አጠገብ ያለ የልባሽ ገበያ ነው። ከፖርታ ፖርቴዜ ይልቅ ጸጥ ያለ፣ ልብሱም በደንብ የተሰቀለ ነው። እዚህ ዕድሜ መለያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጣሊያን የጨርቅ ዓይነት ልብሱ ላይ እንዲጻፍ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣችው በ1973 ነው። ስለዚህ ጣሊያን የተሠራ ልብስ ውስጥ «ሱፍ ይህን ያህል፣ ሐር ይህን ያህል» የሚል ምልክት ከሌለ፣ ተቆርጦም ካልሆነ፣ ዕድሜው ከዚያ በፊት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የመታጠቢያ ምልክቶች ተደርድረው ካየህ ደግሞ ልብሱ ቀረብ ያለ ጊዜ ነው። ነጋዴው «የስልሳዎቹ ነው» ያለውን ሁሉ አትመኑ። ምልክቱን ፈልጉ።

ከዚያ ወደ ቪያ ዴል ጎቬርኖ ቬኪዮ። ከናቮና አደባባይ ኋላ ያለች ጠባብ መንገድ ናት፤ የቪንቴጅ፣ ማለትም የተመረጠ አሮጌ ልብስ የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረውባታል። ልብሱ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በቀለም ተለይቶ ተሰቅሏል። ዋጋው ግን ሌላ ነው። ተራ የቆዳ ጃኬት 80 ዩሮ፣ ስም ያለው ቦርሳ ከ300 በላይ። ለመማር ጥሩ ቦታ ነው። ሻጮቹ ከፍተህ፣ ገልብጠህ ብታይ አይቆጡም። ሳልገዛ ወጣሁ። ጥግ ላይ ካለ ቡና ቤት ቆሜ ማኪያቶ ጠጣሁ፤ 1.40 ዩሮ። ቁጭ ካልክ ዋጋው ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን መቀመጥ የለመደ ሰው ይህ ይከብደዋል። ደግሞም የእነሱ ማኪያቶ ወተቱ ጠብታ ነው። የእኛው ይበልጣል፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

ከሰዓት በኋላ በሜትሮ ወደ ኤውር ሰፈር ወረድኩ። ቲኬቱ 1.50 ዩሮ ነው። የሄድኩት ለግዢ አይደለም፤ የፌንዲን ሕንፃ ለማየት ነው። ፌንዲ በ1925 ሮም ውስጥ በአዴሌና በኤዶአርዶ ፌንዲ የተመሠረተ የቆዳና የጠጉር ሥራ ቤት ነው። ሁለት «ኤፍ» ፊደላትን አጋጥሞ የቤቱን ምልክት የሠራው ዲዛይነሩ ካርል ላገርፌልድ ነው፤ በ1965። ከ2015 ጀምሮ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ኤውር ያለው ባለ ቅስቱ ነጭ ሕንፃ ነው። ሮማውያን አራት ማዕዘኑ ኮሎሲየም ይሉታል።

ሕንፃው ከሩቅ ያምራል። አናቱ ላይ በአራቱም ፊት የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ጣሊያኖችን የገጣሚዎች፣ የጀግኖች፣ የቅዱሳን፣ የባሕር ተጓዦች ሕዝብ ብሎ ያወድሳል። ይህ ቃል የተወሰደው ሙሶሊኒ ኦክቶበር 2 ቀን 1935 ካደረገው ንግግር ነው። ኢትዮጵያን እንደሚወር ያወጀበት ንግግር። በማግስቱ ጦሩ መረብን ተሻገረ።

ደረጃው ሥር ቆሜ አነበብኩት። ደሜ ፈላ። አያቴ ስለ መርዙ ጭስ የነገረችን ሁሉ ትዝ አለኝ። ፎቶ የሚነሱ ወጣቶች አጠገቤ ይስቃሉ። የአክሱም ሐውልትም ሮም ውስጥ ስንት ዓመት ቆሞ ነው በ2005 የተመለሰልን። ለፌንዲ ሰፊዎች ያለኝ አክብሮት አልቀነሰም፤ ጽሑፉን የቀረጹት እነሱ አይደሉም። ግን እዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚገባ ሐበሻ ሁሉ አናቱ ላይ ያለውን ሊያውቅ ይገባዋል።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ ፍሎረንስ

በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ቲኬቱን አስቀድሜ በመግዛቴ 25 ዩሮ ብቻ ከፈልኩ።

የተከራየሁት ክፍል የአንዲት አሮጊት ቤት ውስጥ ነው። ሲኞራ እላታለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ስካንዲቺ ውስጥ ቦርሳ ስትሰፋ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። ስካንዲቺ ከፍሎረንስ አጠገብ ያለች ከተማ ናት፤ ትልልቆቹ ብራንዶች የቆዳ ሥራቸውን የሚያሠሩት እዚያና በዙሪያዋ ነው። እሷ እንግሊዝኛ አታውቅም፣ የእኔ ጣሊያንኛም ከሰላምታ አያልፍም። በስልኬ ተርጓሚ ተግባባን። የስፌት ነገር ሲሆን ግን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ተውነው።

ማታ አንድ አሮጌ ቦርሳ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጣቷን ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አኖረች። እዚያ ቦታ ስፌቱ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ክሩ ተቆርጦ አይቀርም፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ተስቦ ይቀበራል። ከዚያ የቆዳውን ጠርዝ አሳየችኝ። ጥሩ ሥራ ላይ ጠርዙ ይፋቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይፋቃል፣ እንደገና ይቀባል። ሲያረጅ ይደበዝዛል እንጂ አይላጥም። አስመስሎ የተሠራው ላይ ጠርዙ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀባና እንደ ላስቲክ ተሰንጥቆ ይነሳል። መጨረሻ ላይ ቦርሳውን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ አሸተተች። እኔም አሸተትኩ። ቆዳ ነው። የሻጋታ ሽታ ያለው ቦርሳ በምንም ዋጋ አይገዛም፤ ሽታው አይወጣም።

በማግስቱ ቪያ ቶርናቡኦኒ ወዳለው የፌራጋሞ ሙዚየም ሄድኩ። ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ በአሜሪካ ለሆሊውድ ተዋናዮች ጫማ ሲሠራ ቆይቶ በ1927 ፍሎረንስ ገባ። እዚህ ነው ታሪኩ የኛን ቤት የሚያንኳኳው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የመንግሥታቱ ማኅበር በኖቬምበር 1935 ማዕቀብ ጣለባት። የማኅበሩ ማዕቀብ እኛን አላዳነንም፤ ነዳጅ ስላልነካ ጦሩ አልቆመም። ጫማ ሰፊው ግን የሚፈልገውን ዕቃ አጣ። የተረከዝ ጫማ እግር ሥር የሚገባ ጠንካራ ብረት ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ መሐሉ ይሰበራል። ጥሩ ብረት ሲጠፋ ፌራጋሞ ከሰርዲኒያ የሚመጣ ቡሽ ወስዶ ከጣት እስከ ተረከዝ ያለውን ክፍተት ሞላው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጫማው ድፍን ታኮ ከዚያ ነው የመጣው። የላይኛውን ክፍልም ከገመድ፣ ከሴሎፎን፣ ከዓሣ ቆዳ ሠርቷል።

ጉቺም በዚያው ዘመን ቆዳ ሲያጥረው ኔፕልስ የተሸመነ የቃጫ ሸራ ለሻንጣ ተጠቀመ። ሸራው ላይ ትንንሽ አልማዝ የሚመስል ጌጥ አተመበት። ቤቱን ያስጠራው የመጀመሪያ የሸራ ጌጥ ያ ነው። የቡሽ ጫማው የተቀመጠበት የሙዚየሙ መስታወት ፊት ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። የቡሽ ታኮ በየሰርጉ ለብሰናል፤ በየመደብሩ ገዝተናል። ከማይጨው ዘመን ጋር እንደሚገናኝ ማንም አልነገረንም። እኔ ለሠራተኞቼ እነግራለሁ።

ምሳ ላምፕሬዶቶ በላሁ። የላም ጨጓራ ተቀቅሎ በዳቦ መሐል ይሰጣል፤ ከመንገድ ዳር ጋሪ 5 ዩሮ። ዱለት ለሚወድ ሰው ሰማይ ነው። ሚጥሚጣ አለመኖሩ ቆጨኝ፤ የያዝኩትን በርበሬ ክፍሌ ነበር የተውኩት። የእነሱ ዳቦ ጨው የለውም። ፍሎረንስ ባለችበት በቶስካና ክልል ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ከወጡ ጋር ሲበላ ግን ይገባል።

ከሰዓት በኋላ ሳንትአምብሮጆ ገበያ አጠገብ ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ የፌራጋሞ ቫራ ጫማ አገኘሁ። ፊቱ ላይ ጥብጣብና ወርቃማ ብረት ያለው ዝቅተኛ ታኮ ነው። የሳልቫቶሬ ልጅ ፊያማ ፌራጋሞ በ1978 የነደፈችው ሞዴል፤ ዛሬም ይሠራል። ቁጥሩ የአሜሪካ ነው፣ ከጎኑ የእግር ስፋት የሚያመለክት ፊደል አለ። ይህን የማያውቅ ሰው ጠባቡን ገዝቶ ይሰቃያል። 35 ዩሮ ከፈልኩ። ሲኞራ ጫማውን ገልብጣ፣ ሶሉን በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ጎማው ብቻ ይቀየር አለች።

ሐሙስ፣ ፕራቶ

በባቡር ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው። ቱሪስት አይበዛም። እኔ ግን ከጉዞው ሁሉ ይህን ቀን ነው አብልጬ የምወደው።

ፕራቶ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቡትቶ የምትኖር ከተማ ናት። የዓለም አሮጌ የሱፍ ልብስ እዚህ ይመጣል። ቁልፉ ይነቀላል፣ ገበሩ ይወጣል፣ ከዚያ ጨርቁ በቀለም በቀለም ይለያል። ቀዩ ከቀይ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ። ከዚያ ተበጣጥሶ፣ ተፈትሎ አዲስ ጨርቅ ይሆናል። አስቀድሞ በቀለም ስለተለየ ብዙ ጊዜ እንደገና ማቅለም አያስፈልገውም። በድሮ የካምፖልሚ ፋብሪካ ውስጥ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም ይህን ሁሉ ያሳያል።

ሲኞራ የምታውቀው ሰው ወደ አንድ መጋዘን አስገባኝ። በቀጠሮ ብቻ ነው የሚከፈተው። ጣሪያው ድረስ ቦንዳ ተደርድሯል። በፕላስቲክ ታስሮ፣ በጎኑ ያበጠ፣ ያው እኛ አገር የምናውቀው ቦንዳ። ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ይለያሉ። አንዷን ተመለከትኳት። ልብሱን አታየውም ማለት ይቻላል። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ አንገቱን ይነካሉ፣ ከዚያ ልብሱ በአየር ላይ ነው። ካሽሚር (ለስላሳው የፍየል ጠጉር) ወደዚህ፣ ሱፍ ወደዚያ፣ የተበላሸው ወደ መበጣጠሻው። ስም ያለውና ያረጀ ግን ጤነኛ ልብስ ለብቻው ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ለቪንቴጅ ሱቆች ይሸጣል። የቀረው ይታሰርና ባሕር ይሻገራል።

ወደ እኛ የሚመጣው ከዚህ ጠረጴዛ የቀረው ነው። ኢትዮጵያ ሰልባጅ ለንግድ ማስገባት ትከለክላለች፤ ግን በየድንበሩ ገብቶ በየገበያው አለ። አገሬ ቦንዳ ተፈትቶ ከጆንያ ሥር ካሽሚር ሹራብ ሲወጣ ተዓምር ይመስለን ነበር። አሁን ግን ያ ሹራብ ከአንዲት ሴት ጣት ያመለጠ መሆኑን አውቄአለሁ።

እንዳሰብኩት ሁሉ አልገዛሁም። ኪሎው 20 ዩሮ ነው። ቀለል ያሉ የካሽሚር ሹራቦችን መረጥኩ። ሁሉንም ወደ መስኮቱ አንስቼ በብርሃን አየኋቸው። ብል የበላው ቀዳዳ ጠረጴዛ ላይ አይታይም፤ በብርሃን እንደ ወንፊት ይታያል። ሁለቱን መለስኩ።

ቅዳሜ፣ አሬዞ

አርብን በእጥበትና በእንቅልፍ አሳለፍኩት።

የአሬዞ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የሚቆመው በወሩ የመጀመሪያ እሁድና ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። ኢቫን ብሩስኪ የሚባል ሰብሳቢ በ1968 የጀመረው ነው። ዋናው አደባባይ ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ ከላይ ቆመህ ሁሉንም ታያለህ። አልጋ፣ መስታወት፣ የቤተ ክርስቲያን መቅረዝ፣ የጦር ሜዳሊያ፣ ልብስ። ከፍሎረንስ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ባለቀርከሃ እጀታውን የጉቺ ቦርሳ በእጄ የያዝኩት እዚህ ነው። የተፈጠረው በ1947፣ ከጦርነቱ በኋላ ዕቃ በጠፋበት ጊዜ ነው። ቀርከሃው በእሳት እየሞቀ በእጅ ይታጠፋል። ሻጩ 380 አለኝ። በጣቴ አንጓዎቹን ቆጠርኩ፤ የእሳቱ ጠባሳ አንዱ ጋ ጠቆር፣ ሌላው ጋ ፈዘዝ ብሎ ይታያል። ለኪሴ ከበደ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ዛሬም አስበዋለሁ።

ሌላ ጠረጴዛ ላይ አፉ በባሕር ኤሊ ቅርፊት የተሠራ የማታ ቦርሳ ነበር። ውብ ነው፤ 60 ዩሮ ብቻ። ግን የባሕር ኤሊ ቅርፊት ከአገር አገር ያለ ልዩ ፈቃድ አይሻገርም፤ ዓለም አቀፍ ስምምነት ይከለክለዋል። የዝሆን ጥርስም እንዲሁ። ሻጩ «አሮጌ ስለሆነ ችግር የለውም» አለ። ችግር አለው። በጉምሩክ የሚወረስብህ አንተ ነህ እንጂ እሱ አይደለም።

የገዛሁት የጉቺ ትንሽ የሸራ ቦርሳ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከተሠሩት ብዙዎቹ አንድ በሽታ አላቸው። የውስጥ ገበራቸው ሰው ሠራሽ ስለነበር ጊዜ ሲያልፍ ይጣበቃል፣ ይላጣል፣ እጅ ላይ ይቀራል። እጄን ስከት ጣቴ ተጣበቀ። ፊቱ ግን ጤነኛ ነበር፤ ዚፑ ሲከፈትና ሲዘጋ አይጎረብጥም። ሻጩም ስለሚያውቀው ከ60 ወደ 35 ወረደ። ለሌላ ሰው ይህ ቆሻሻ ነው። ለእኔ ገበር መቀየር የየዕለት ሥራዬ ነው።

ስመለስ ባቡሩ አንዲት ስሟን ያላወቅኳት ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመ። መብራቱ ጠፋ፣ ማብራሪያ የለም። ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀምጠን በመጨረሻ በአውቶቡስ ጫኑን። አጠገቤ የተቀመጡት ባልና ሚስት ከገበያው የገዙትን ወይን ፍሬ አካፈሉኝ። ሲኞራ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ እንደ ልጇ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ሾርባ አሞቀችልኝ። ሰሃኑ ላይ ከነበረው ሁሉ በልቼ ካልጨረስኩ አላስነሳችኝም። ይህ ነገር እኛ ቤትም አለ።

እሁድ እስከ ማክሰኞ፣ ሚላን

የአክስቴ ልጅ ጣቢያው ድረስ መጣች። ቀጥታ ወደ ፖርታ ቬኔትሲያ ወሰደችኝ። ይህ ሰፈር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የኤርትራና የኢትዮጵያ ሰዎች መሰባሰቢያ ነው። ቪያ ፓንፊሎ ካስታልዲ ላይ ስትሄድ የበርበሬ ሽታ ይቀበልሃል። ሽሮ በላን፤ ለአንድ ሰው 12 ዩሮ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው፤ የገዛሁትን ሻርፕ አይተው «እንዲህ ያለውን ድሮ የማገለግላቸው ቤት እተኩስ ነበር፤ ልጄ፣ ከጨርቅ ሥር አድርገሽ ተኩሺው፣ ውሃ እንዳትረጪበት» አሉኝ። ስንቶቹ የእኛ እናቶች በየሰው ቤት ይህን ልብስ ሲያጥቡና ሲተኩሱ እንደኖሩ አሰብኩ። ሙያቸው የትም አልተጻፈም።

ሰኞ ጋለሪያ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌን አየን። የፕራዳ የመጀመሪያ ሱቅ እዚያ በ1913 ተከፈተ። በ1984 የመጣው ጥቁር የናይሎን ቦርሳቸው ዛሬም በየቪንቴጅ ሱቁ ይፈለጋል፤ ፎርጅዱም ያንኑ ያህል ብዙ ነው። የሦስት ማዕዘኑ ምልክት ላይ ያለውን «አር» ፊደል ተመልከቱ፤ እውነተኛው እግሩ ጋ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቁርጥ አለው። ዱኦሞ በሚባለው ትልቁ ካቴድራል አካባቢ መሬት ላይ ከተዘረጋው አትግዙ። ጣሊያን ውስጥ ፎርጅድ የሚገዛ ሰውም ይቀጣል፤ ቅጣቱ እስከ 7,000 ዩሮ ይደርሳል።

ኮርሶ ዲ ፖርታ ቲቺኔዜ ላይ ካሉት ሱቆች በአንዱ የቀረጥ ተመላሽ ጠየቅሁ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ሰው አዲስ ዕቃ ሲገዛ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሊመለስለት ይችላል። ሻጯ በትዕግሥት አስረዳችኝ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ታክስ የሚከፍለው በትርፉ ላይ ብቻ ስለሆነ ለገዢው የሚመለስ ነገር የለም። የምታዩት ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ ነው ማለት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ቪያሌ ፓፒኒያኖ ገበያ ሄድን። አትክልት፣ አይብ፣ ዓሣ፣ በመሐሉ የልብስ ድንኳኖች። እዚያ ማክስ ማራ የሚባለው የጣሊያን ብራንድ ካፖርት አገኘሁ። የግመል ጠጉር ቀለም ያለው፣ ሰፊ እጅጌ፣ ሁለት ረድፍ ቁልፍ። አን ማሪ ቤሬታ በ1981 የነደፈችውን ዝነኛ ካፖርት የሚመስል ነው። ገልብጬ ገበሩን፣ ብብቱን፣ የኪሱን ከረጢት አየሁ። ብብት የልብስ ሁሉ ምስክር ነው፤ ላብ የበላው ጨርቅ እዚያ ይሳሳል። ይህኛው ወፍራም ነበር። አንድ ቁልፍ ብቻ ጎድሏል፤ ትርፍ ቁልፉ ግን ከውስጥ ጥግ ላይ እንደተሰፋ አለ።

ሻጩ 120 አለ። የአክስቴ ልጅ በጣሊያንኛ ገባችበት። ስለ ጎደለው ቁልፍ፣ ስለ እኔ መንገድ ርቀት፣ ስለ ገበያው መዝጊያ ሰዓት ስትነግረው እሱም ስለ ልጆቹ መለሰላት። ዓሣ ሻጩ ሳይቀር ገባበት። 85 ላይ ተጨባበጡ።

ማልፔንሳ አየር ማረፊያ ሻንጣዬ ሲመዘን ከተፈቀደው አለፈ። ካፖርቱን አውጥቼ ለበስኩት፣ ጫማዎቹን በእጅ ቦርሳዬ ከተትኩ፣ ሹራቦቹንም ደራረብኩ። ሻንጣ የምትመዝነው ልጅ እንደገና መዘነችና ቀበቶው ላይ ለቀቀችው።